ክቡር ጋሽ ግንዛቤ እና ከመሬት በታች ያለው ጉዳይ

ሰው ከሦስት በላይ ሆኖ ወንበር በደረደረበት ቦታ ሁሉ፣ ከመጨረሻው ረድፍ እጁን የሚያወጣ አንድ ሰው አይጠፋም። በየከተማው፣ በየመሥሪያ ቤቱ፣ በየዘመኑ አለ። የመጀመሪያው ሰው እሳት ሲያነድ ከኋላው ቆሞ «ለመሆኑ ዝናብ ቢመጣስ?» ብሎ የጠየቀው እሱ ነው። መንኮራኩር የሠራውንም ሰው «ቁልቁለት ላይስ?» ብሎ ያስቆመው እሱ ነው። የሰው ልጅ እዚህ የደረሰው ለዚህ ሰው መልስ እየሰጠ፣ መልስ ሲያጣም ያልሰማ እየመሰለ ነው።

ለእኛ ሰፈር የደረሱን ክቡር ጋሽ ግንዛቤ ናቸው።

እርግጥ ስማቸው ይህ አይደለም። ወላጆቻቸው ያወጡላቸው ስም እኔ በምመራው የከተማው መዝገብ ቤት ውስጥ በክብር ተቀምጧል፤ እስካሁን የፈለገው ሰው ግን የለም። ሰፈሩ ይህን ስም የሰጣቸው ከአፋቸው ከማትለይ አንዲት ዓረፍተ ነገር ተነሥቶ ነው፦ «እኔ አልቃወምም፤ ለግንዛቤ ያህል ነው።» ከዚህች ዓረፍተ ነገር በኋላ የሚመጣውን የሚያውቁ ሰብሳቢዎች ሰዓታቸውን ፈትተው ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጣሉ። ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል የሚለውን ተረት ክቡርነታቸው እንደ መሐላ ይዘውታል። እስከ ዛሬ የሾማቸው አለመኖሩ ግን እምነታቸውን አላላላውም።

ሙያቸው ፀጉር አስተካካይነት ነው። ሱቃቸው ከአውቶቡስ ማቆሚያው ፊት ለፊት፣ በጫማ ጠጋኙና በፎቶ ኮፒ ቤቱ መካከል ተጣብቃ ትገኛለች። አንድ በቦታው የሚዞር ወንበር፣ ጥጉ የተሰነጠቀ መስታወት፣ ተራ የሚጠበቅበት አግዳሚ፣ እንዲሁም ራሷን ግራና ቀኝ እያወዛወዘች ለሁሉም ነገር «አይሆንም» የምትል የምትመስል አሮጌ ማራገቢያ አለች። የሕዝብ አስተያየት የሚባለው ነገር የት እንደሚመረት ግራ ለገባቸው ተመራማሪዎች አድራሻው ይኸው ነው።

ሌሎች ፀጉር አስተካካዮች ያወራሉ፤ ጋሽ ግንዛቤ ይጠይቃሉ። የሚጠይቁበትም ጊዜ የታወቀ ነው፤ የደንበኛው ግራ ጎን አልቆ ቀኙ ሳይጀመር ሲቀር ነው። መቀሱ አየር ላይ ይቆማል። በመስታወቱ ውስጥ ዓይን ለዓይን እያዩ «እኔ አልቃወምም…» ብለው ይጀምራሉ። ግማሽ ፀጉሩ የተቆረጠ ሰው ክርክር አያበዛም። በዚህ ዘዴ የሰፈሩን ወንድ ግማሹን ወደ አንድ ሐሳብ አምጥተውታል። የቀረው ግማሽ መላጣ ነው።

ከመሬት በታች ያለው ጉዳይ ወደ ሰፈራችን መጀመሪያ የመጣው በሲሚንቶ ፋብሪካው በኩል ነው። ፋብሪካው ከጭስ ማውጫው የሚወጣውን ጎጂ አየር ወደ ሰማይ መልቀቁን ትቶ፣ ይዞና ጨምቆ ጥልቅ ዓለት ውስጥ ሊቀብረው አሰበ። ክፉ ሐሳብ አልነበረም። ዓለም እየሞቀች እንደሆነ ሁላችንም ሰምተናል፤ ከማሞቅ መቅበር ይሻላል። ስለዚህ «የግንዛቤ ማስጨበጫ መድረክ» ተጠራ። እኔም እንደወትሮዬ ቃለ ጉባኤ ልይዝ ከሰብሳቢው ጎን ተቀመጥኩ።

ሰብሳቢያችን የመድኃኒት ቤት ባለቤት ናቸው፤ ንግግርንም እንደ ሳል ሽሮፕ በማንኪያ ነው የሚሰጡት። የማይናወጥ አንድ ደንብ አላቸው፦ «እጅ ያላወጣ ተስማምቷል።» ስብሰባው ሁሉ በዚህ ደንብ ይዘጋል። አዳራሹ ውስጥ ያንቀላፋ ሁሉ ተስማምቷል፤ ቀድሞ የወጣው ተስማምቷል፤ ቤቱ የቀረው ደግሞ ከሁሉ አስበልጦ ተስማምቷል።

ከፋብሪካው የመጣችው ባለሙያ በግድግዳው ላይ ሥዕል አሳየችን። ምድር እንደ ኬክ ተቆርጣለች። ከላይ አረንጓዴ ሣር አለ፤ ሣሩ ላይ አንዲት ልጅ ፊኛ ይዛ ትስቃለች። ከሥሯ ቡናማ፣ ከዚያ ግራጫ ይከተላል። ከሁሉም በታች ጭሱ ሰማያዊ ቀለም ተቀብቶ፣ እንደ ጨዋ ልጅ እጁን አጣጥፎ ተኝቷል።

ከኋላ እጅ ወጣ።

«አንድ ጥያቄ አለኝ፤ ሦስት ክፍል አለው» አሉ ጋሽ ግንዛቤ። «እኔ አልቃወምም፤ ለግንዛቤ ያህል ነው። አንደኛ፣ ምድርን እንዲህ ቆርጦ ያያት ማን ነው? ሁለተኛ፣ ጭስ እኛ እስከምናውቀው ወደ ላይ ነው የሚሄደው፤ ማን መክሮት ነው ጠባዩን የለወጠው? ሦስተኛ፣ እናንተ ቀብራችሁት ትሄዳላችሁ። አንድ ቀን ተነሥቶ ቢመጣ መጀመሪያ የሚያውቀው ማን ነው? እናንተ ወይስ እኛ?»

ባለሙያዋ ለአንደኛውና ለሁለተኛው ሰፊ ማብራሪያ ሰጠች፤ ጥሩ ማብራሪያ ነበር፣ ሙሉውን መዝግቤዋለሁ። ለሦስተኛው ግን «በአካባቢው በሚዘረጋው የክትትል ሥርዓት አማካይነት…» ብላ ጀመረች።

«በአካባቢው» አሉ ጋሽ ግንዛቤ። «እንግዲህ እኛ ነን።» ተቀመጡ።

ዕቅዱ በኋላ ቀረ። የቀረው ፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ ስለለወጠ ነው፤ አዲሱ ሥራ አስኪያጅ የአሮጌውን ሥዕል አልወደዱትም። ሰፈሩ ግን ጋሽ ግንዛቤ አስቀሩት ብሎ አወራ። አግዳሚው ላይ ተራ የሚጠብቁ ሰዎች ተነሥተው እጃቸውን ጨበጧቸው። እሳቸው ተቀየሙ።

«እኔ መቼ ተቃወምኩ?» አሉ። «የሦስተኛውን መልስ እየጠበቅኩ ነበር እኮ!»

ቀጥሎ የመጣው የትምህርት ቤቱ ጉዳይ ነው። በግቢው ሥር ቧንቧ ተቀብሮ፣ ምድር ውስጥ ያለው ሙቀት በብርድ ወራት የመማሪያ ክፍሎቹን እንዲያሞቅ ታሰበ። እሳት የለበት፣ ጭስ የለበት። እዚህ ላይ የሚጠይቅ ይኖራል ብሎ የጠበቀ አልነበረም። እጅ ወጣ።

«ለግንዛቤ ያህል ነው። ልጆቹ ሙቀቱ ሲያገኛቸው ቢተኙ፣ የሒሳብ መምህሩ ምን ሊያደርጉ ነው?»

የሒሳብ መምህሩ ከመካከለኛው ረድፍ ተነሣ። «ለመተኛት ሙቀት አያስፈልጋቸውም» አለ፤ «እኔ እበቃቸዋለሁ።»

አዳራሹ ሳቀ፣ ፕሮጀክቱም አለፈ። የሒሳብ መምህሩ ባለቤቴ ነበር።

ቧንቧዎቹ የተቀበሩ ሰሞን ጋሽ ግንዛቤ ማልደው ትምህርት ቤቱ ግቢ ገቡ። ጫማቸውንና ካልሲያቸውን አውልቀው መሬቱን በእግራቸው እየለኩ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተራመዱ። መሬቱ እንደ በረዶ ነበር፤ ሙቀቱ ወደ ክፍሎቹ ነው እንጂ ወደ ሣሩ አይሄድም። ይህን ለማስረዳት ባለቤቴ ራሱ ወረቀት ላይ ሥዕል ሣለላቸው። ሥዕሉን አገላብጠው አዩትና «ገባኝ» አሉ፤ «ለዳይሬክተሩ ቢሮ ነው የወሰዱት።» ጉንፋኑ ግን ሳይጠየቅ መጣባቸው።

ባለቤቴ በዚያ ወንበር ላይ ከፀጉሩ ይልቅ መልሱ የሚፈለግ ብቸኛ ደንበኛ ነበር። ፀጉሩማ ያን ያህል አልነበረም። ግን «ጎንና ጎኑን አሳጥረህ፣ ከላይ ትንሽ ትተህ» እያለ እንደ ባለ ብዙ ፀጉር ያዝዛል፤ እሳቸውም እንደ ባለ ብዙ ፀጉር ይታዘዙታል። ለአንድ እፍኝ ፀጉር ከሰዓት በኋላው ሁሉ ያልቅ ነበር። ሲመለስ «ዛሬ ማን አሸነፈ?» ስለው «ማራገቢያዋ» ይለኛል።

ሲታመም ጋሽ ግንዛቤ የሥራ ቦርሳቸውን ይዘው ሆስፒታል መጡ። በዚያን ጊዜ ሕመሙ የቀረችውን ፀጉር ጠራርጎ ወስዷት ነበር። እሳቸው ግን ፎጣውን አንገቱ ላይ አሰሩለት፤ መቀሱን በጆሮው ዙሪያ ባዶ አየር ላይ ቀጭ ቀጭ አደረጉ፤ አንገቱን በብሩሽ ጠረጉ፤ በመጨረሻም የእጅ መስታወቱን ከኋላው ይዘው አሳዩት። ባለቤቴ ረጋ ብሎ ተመለከተ።

«በግራ በኩል ትንሽ ረዝሟል» አለ።

አስተካከሉለት።

የተቀበረው ከሆስፒታሉ በስተጀርባ ባለው ተዳፋት ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ሰው ሁሉ የሚነግረኝ አላጣም። ቻይው፣ በርቺ፣ ጊዜ መድኃኒት ነው፣ እሱ እንኳ ዐረፈ አሉኝ። ሁሉም መግለጫ ነበር። ጋሽ ግንዛቤ አንድ ቀን መዝገብ ቤት መጡና ፊት ለፊቴ ተቀመጡ። ሊያጽናኑኝ ነው ብዬ ጠበቅኩ።

«ማታ ራዲዮ ትከፍቻለሽ ወይስ በዝምታው ነው የምታመሺው?» አሉኝ።

«እከፍታለሁ።»

«ጮክ አድርገሽ?»

«ጮክ አድርጌ።»

«ጥሩ» ብለው ሄዱ።

እንግዲህ ሦስተኛው ጉዳይ የመጣው በዚህ ወቅት ነው። ከመሬት በታች ጠልቆ ያለውን ሙቅ ውሃና እንፋሎት አውጥቶ መብራት የሚያመነጭ ድርጅት ቁፋሮ ሊጀምር ሆነ። ውሃው ሥራውን ከጨረሰ በኋላ ተመልሶ ወደ ምድር ይገባል። ከሰል የለም፣ ነዳጅ የለም፣ ጭስ የለም። ድርጅቱ አንድ ወጣት ኢንጂነር ላከልን። ትሑት፣ ንጹሕ፣ ተናግሮ የማያስቀይም ልጅ ነው፤ የሠራው ስሕተት አንድ ብቻ ነበር። ከስብሰባው በፊት ፀጉሩን ሊስተካከል ገባ።

የሆነውን ጫማ ጠጋኙ ነው የነገረኝ። ግራው እንዳለቀ የፀጉር መቁረጫ መሣሪያው ቆመ።

«እኔ አልቃወምም ልጄ። ለግንዛቤ ያህል፣ የምትመልሱት ውሃ ያው የወጣው ውሃ ነው ወይስ ሌላ?»

«ያው ነው አባቴ።»

«ያው ከሆነ ለምን አስቸገራችሁት?»

ኢንጂነሩ ሊመልስ አፉን ሲከፍት መብራት ጠፋ። መሣሪያው በመብራት የሚሠራ ነበር። በመቀስ እንዳይጨርሱ ደግሞ ክቡርነታቸው በጨለማ የሰው ጆሮ አይነኩም፤ ይህ የሙያ ሥነ ምግባራቸው ነው። መብራቱም የመጣው ስብሰባው ሲጀመር ነው። ስለዚህ የንጹሕ ኃይል ተወካይ በአንድ ጎኑ ምሁር፣ በሌላ ጎኑ ጫካ ሆኖ መድረክ ላይ ወጣ። አዳራሹ ወዲያው ወደደው።

ካርታ አሳየን። ጉድጓዱ ከአሮጌው መጋዘን ጀርባ ይጀምራል፤ ቁልቁል ከወረደ በኋላ ወደ ሰሜን በሰያፍ ይሄዳል። መንገዱ በቀይ መሥመር ተሥሏል። መሥመሩ በሆስፒታሉ አጠገብ አልፎ በአንድ ነጭ ቦታ ሥር ይገባል። ነጩ ላይ «ክፍት ቦታ፤ ነዋሪ የሌለበት» ተብሎ ተጽፏል።

ያን ቦታ ዐውቀዋለሁ። ተዳፋቱ ነው።

ሁለት ሺህ ሜትር ከታች ነው የሚያልፉት። ይህ ምን ያህል ሩቅ እንደሆነ ለመረዳት የሚበቃ ትምህርት አለኝ። እዚያ ጥልቀት ላይ የሚሆን ነገር ከላይ ያለ አንድ ሣር እንኳ አይነቀንቅም። ይህን ሁሉ እያወቅኩ ብዕሬ ወረቀቱ ላይ ቆመ። እኔ ደግሞ ቃለ ጉባኤ ያዥ ነኝ፤ ቃለ ጉባኤ ያዥ ሐሳብ አይሰጥም፣ ድምፅም የለውም። ይህን ደንብ ለተተኪዎቼ የማስተምረው እኔው ነኝ።

ከኋላ እጅ ወጣ።

«ለግንዛቤ ያህል ነው። ያቺ ነጭ ቦታ ምንድን ናት?»

«ክፍት ቦታ ናት አባቴ» አለ ኢንጂነሩ። «ነዋሪ የለባትም።»

«ልጄ» አሉ ጋሽ ግንዛቤ፤ «ከዚህ ሰፈር ሰው የሚበዛው እዚያ ነው።»

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ኢንጂነሩ ወደ ካርታው ዞረ፤ ከዚያ በመስኮቱ ወደ ተዳፋቱ ተመለከተ። የተስተካከለው ጎኑ እስከ ጆሮው ድረስ ሲቀላ ታየን።

«ይቅርታ» አለ። «መቃብር መሆኑን የነገረን የለም። ካርታው ከላይ ከሰማይ በተነሣ ፎቶ ነው የተሠራው፤ ቤት ስላልታየበት ነው። ግን አባቴ፣ በጣም ጠልቀን ነው የምናልፈው። ለማንም አይሰማም።»

«ለማን እንደማይሰማ ጠይቃችኋል?»

«ኧረ ጋሽዬ!» አለች የፎቶ ኮፒ ቤቱ ባለቤት። «ሙታንን ይጠይቁ ነው የሚሉት?»

«እኔ አላልኩም። ዘመድ አላቸው። ዘመዶቻቸው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል።»

ሰብሳቢው ሰዓታቸውን አነሡ። «በቂ ውይይት ተደርጓል። ካርታው ይታረማል። በቁፋሮው ላይ ተቃውሞ ያለው እጅ ያውጣ።» ዞር ዞር አሉ። «የለም። እጅ ያላወጣ ተስማምቷል። ጸሐፊ፣ ይመዝገብ።»

አልመዘገብኩም። እምቢ ማለቴ አልነበረም፤ እጄ ነው ያልታዘዘኝ።

«ሰብሳቢ፣ ጸሐፊዋስ?» የሚል ድምፅ ከኋላ መጣ።

«ጸሐፊ ድምፅ የላትም። ደንቡን ያውቁታል።»

«ድምፅ ከሌላት ዝምታም የላትም» አሉ ጋሽ ግንዛቤ። «የሌላትን ዝምታ ከማን ጋር ነው የቆጠራችሁባት?»

ለሰብሳቢው በሰብሳቢነት ዘመናቸው እንዲህ ያለ መድኃኒት ያዘዘላቸው አልነበረም። ጋሽ ግንዛቤ በወንበሮቹ መካከል እየተሹለከለኩ ወደ ፊት መጡና አጠገቤ ቆመው እጃቸውን ዘረጉ።

«ብዕሩን ስጪኝ፣ እህቴ። አሁን ጸሐፊው እኔ ነኝ። አንቺ ውጪና እንደ ሰው ተናገሪ።»

ብዕሩን ሰጠኋቸው። ወንበሬ ላይ ተቀመጡ፤ መነጽራቸውን አወጡ፤ ወረቀቱን ደንበኛ አንገት ላይ ፎጣ እንደሚያስተካክሉ አስተካከሉት። እኔ ተነሥቼ ቆምኩ። ምን እንደምል አላሰብኩበትም ነበር።

«አልቃወምም» አልኩ። የማን ንግግር እንደሆነ የገባኝ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው፤ አንዳንዱ ሰው ፈገግ አለ። «ሁለት ሺህ ሜትር ሩቅ ነው፤ ዐውቃለሁ። ባለቤቴ እዚያ ነው። ሙቅ ውሃ በሥሩ ቢያልፍ አይጎዳውም፤ ከእንግዲህ የሚጎዳው ነገር የለም። ግን ነዋሪ የሌለበት ብላችሁ ጽፋችኋል። ስሕተት ነው። እሱ እዚያ ነው ያለው። በእሱ ሥር ለማለፍ ደግሞ እኔን መጠየቅ ነበረባችሁ። እሺ እል ነበር ይሆናል። ግን አልተጠየቅኩም።»

ጋሽ ግንዛቤ ቀና ሳይሉ «ቀስ በይ፣ እየጻፍኩ ነው» አሉኝ።

ኢንጂነሩ ካርታውን ግድግዳው ላይ የሚያበራውን መሣሪያ ዘጋ። ግድግዳው ነጭ ሆነ። ከመድረኩ ወርዶ ፊት ለፊቴ መጣ፤ እጆቹን የት እንደሚያደርጋቸው አላወቀም።

«እትዬ» አለ፤ «በባለቤትዎ ሥር ማለፍ እንፈልጋለን። ይፈቅዱልናል?»

ከቀብሩ ወዲህ ስለ ባለቤቴ ፈቃዴን የጠየቀኝ የመጀመሪያው ሰው ነው። ልብሱን ማን ይውሰድ ሲባል ነግረውኛል፤ የድንጋዩ ጽሑፍ ምን ይሁን ሲባል ወስነውልኛል። ለመመለስ ብዕሬን ፈለግኩ፤ ጋሽ ግንዛቤ እጅ ነበር።

«ታስብበት» አሉ ጋሽ ግንዛቤ እየጻፉ። «ስብሰባው ለሌላ ቀን ተላልፏል።»

«እሱን የምወስነው እኮ እኔ ነኝ» አሉ ሰብሳቢው።

«ተጽፏል፣ ሰብሳቢ።»

እሁድ ጠዋት ወደ ተዳፋቱ ሄድኩ። መቼም ባለቤቴን ፈቃድ ልጠይቀው ብዬ አልነበረም፤ ምናልባትም ነበር። አንድ ነገር ግን ከቀብሩ ወዲህ ይገርመኝ ነበር። በሌሎቹ መቃብሮች ላይ ሣሩ እንደፈለገው ሲያድግ የእሱ ብቻ ሁልጊዜ ልክ ነው። የመቃብሩ ጥበቃ የሚያጭዱት መስሎኝ ሁለት ጊዜ አመስግኛቸዋለሁ፤ ምንም ሳይሉ ምስጋናውን ተቀብለዋል።

በዚያ ጠዋት ጋሽ ግንዛቤ ድንጋዩ አጠገብ ተንበርክከው አገኘኋቸው። በአንድ እጃቸው ማበጠሪያ፣ በሌላው መቀስ ይዘዋል። ሣሩን በማበጠሪያው ያነሣሉ፣ ጫፉን ቀጭ ያደርጋሉ፣ ራሳቸውን ዘንበል አድርገው ያያሉ፣ እንደገና ያነሣሉ። ያኔ ነው ልብ ያልኩት፤ ጎንና ጎኑ አጥሯል፣ ከላይ ትንሽ ተትቷል።

ቆሜ ቀረሁ። እሳቸው ሳይዞሩ «በግራ በኩል ቶሎ ይረዝማል» አሉ። «አፈሩ ነው መሰለኝ።»

አጠገባቸው ተቀመጥኩ። መቀሱ ሥራውን ቀጠለ። እስከ ዛሬ ድረስ እኚህን ሰው ስብሰባ ውስጥ ሰምቻቸዋለሁ፣ ንግግራቸውን መዝግቤዋለሁ፣ ፋይል አድርጌዋለሁ፤ አንድም ቀን ግን እኔም ሆንኩ ሌላ ሰው ያላደረግነው ነገር እንዳለ ትዝ አለኝ።

«ጋሼ፣ እርስዎስ ምን ይላሉ?» አልኳቸው።

«ስለ ምን?»

«ስለ ቁፋሮው። ይቆፈር ወይስ አይቆፈር?»

መቀሱ ቆመ። ወደ እኔ ዞረው ያዩኝ አስተያየት ግራ ጎኑ ብቻ እንደተስተካከለ ደንበኛ ነበር።

«እኔን ነው?»

«እርስዎን።»

«እኔማ ደጋፊ ነኝ!» አሉ ተቆጥተው። «ከመጀመሪያውም ደጋፊ ነኝ። ጭስ የሌለው መብራት ማን ይጠላል? የትምህርት ቤቱንም ደግፌያለሁ። የሲሚንቶውንም ቢሆን ሦስተኛው ቢመለስልኝ እደግፈው ነበር።»

«ታዲያ ለምን እስከ ዛሬ አልተናገሩም?»

«እንዴ!» አሉ። «ሳልጠየቅ ልደግፍ?»

ሳቅኩ። ተዳፋቱ ላይ፣ እሁድ ጠዋት፣ ድምፄን አውጥቼ ሳቅኩ። እሳቸው አልሳቁም፤ ምኑ እንደሚያስቅ አልገባቸውም። ማበጠሪያውን ሱሪያቸው ላይ ጠርገው ወደ ግራው ጎን ተመለሱ።

ስብሰባው እንደገና ተጠራ። ኢንጂነሩ የቀረው ጎኑ ተስተካክሎለት መጣ። ካርታው ላይ ነጯ ቦታ «የመቃብር ሥፍራ» ተብላለች፤ በዚያ ሰው የተቀበረባቸው ቤተሰቦችም ተራ በተራ ተጠየቁ። ጫማ ጠጋኙ ስለ አባቱ እሺ አለ። የፎቶ ኮፒ ቤቱ ባለቤት ስለ እናቷ «እሷ ሙቀት ትወዳለች» ብላ ፈቀደች። አንድ ሽማግሌ ስለ ወንድማቸው ሲጠየቁ «እሱ በሕይወቱ እሺ ብሎ አያውቅም፤ እኔ ግን እሺ» አሉ። ከዚያ የእኔ ተራ ሆነ። ብዕሬን አስቀምጬ ተነሣሁ።

«እለፉ» አልኩ። እዚያ ላይ መቆም ነበረብኝ፤ ለቃለ ጉባኤ የሚበቃው እሱ ነው። «ግን ቀስ ብላችሁ። እሱ ኮሽ ሲል ይነቃል።»

በአዳራሹ የሳቀ አልነበረም። ኢንጂነሩ መሬት መሬት አየ፤ ሰብሳቢው ሰዓታቸውን ካነሡ በኋላ ለምን እንዳነሡት ጠፋባቸው። እኔም ቆሜያለሁ፤ መቀመጡ ከበደኝ።

ከኋላ እጅ ወጣ።

«ቀስ ሲባል» አሉ ጋሽ ግንዛቤ ጉሮሯቸውን ጠርገው፤ «በቁጥር ምን ያህል ቀስ ነው? ማሽኑ በሰዓት ስንት ይሄዳል? እዚያ ሥር ሲደርስ ድምፁ ወደ ላይ ምን ያህል ይወጣል? በደንብ ይብራራልን።»

ኢንጂነሩ ቀና አለ። ፊቱ ላይ የቀልድ ምልክት አልነበረም። ኮምፒውተሩን ከፍቶ፣ ቁጥሮቹን አውጥቶ፣ መሰርሰሪያው ከተዳፋቱ በታች ሲያልፍ እንዴት ቀስ እንደሚል፣ ድምፁ በየትኛው ዓለት ላይ እንደሚሞት፣ ከላይ ያለ ሰው እንቅልፉ ምንም ያህል ቀላል ቢሆን ለምን እንደማይሰማው አንድ በአንድ አስረዳ። እኔም እየሰማሁ ቀስ ብዬ ተቀመጥኩ።

ጋሽ ግንዛቤ ሁለት ጊዜ አስደገሙት። ሁለተኛው ለእኔ ነበር።